የአክስቴ ቤት አይነሳም ያልኩ ዕለት

ተስፋ መቁረጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ ከኔ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው አይገኝም ነበር። ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተቀየረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔም በቅየሳና በግንባታ ዲፕሎማ ይዤ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከኛ በፊት የተመረቁት ምደባ ይወጣላቸው ነበር፤ ስማቸው ከነመሥሪያ ቤቱ ተለጥፎ ያገኙታል። የኛ ተራ ሲደርስ ምደባ ቀርቷል ተባለ። "ራሳችሁ ፈልጉ" አሉን። እኛም ፈለግን፤ አጣን።

በከተማው ታችኛ ሰፈር በሲቀላ ያለነው ሥራ ፈት ምሩቃን ጠዋት ጠዋት ከአንዱ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው እንዞራለን። ሁሉም ማስታወቂያ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሥራ ሳይሰጡን ልምዱን ከየት እንደምናመጣው የሚነግረን አልነበረም። እኔ ግን ቀስ በቀስ አንድ ልዩ ችሎታ አዳበርኩ። አንድን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ለምን እንደማይሆን በደቂቃ ውስጥ እናገራለሁ። "ይሄ ለዘመድ ተይዟል።" "ይሄ ለይስሙላ ነው የወጣው።" "ይሄኛው በጀቱ አይለቀቅም።" ጓደኞቼ ማመልከቻ ከማስገባታቸው በፊት መጥተው ያማክሩኝ ጀመር። አላሳፈርኳቸውም፤ የማይሆንበትን ምክንያት በዝርዝር አስረድቼ ወደ ቤታቸው እመልሳቸው ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ደግሞ በየሳምንቱ "ለኢያሱ ሥራ" ብለው ይጸልዩልኛል። ኢያሱ እኔ ነኝ። ጸሎቱ ሲያልቅ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ ሥራው ተሰጥቶኝ የደበቅኳቸው ይመስል።

አንድ ሐሙስ ለአባቴ ከዶርዜ መልእክት መጣ። የላከችው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ወርቄ ናት። መልእክቱ አጭር ነበር፦ "ቤቴ ቅዳሜ ይነሳል። አንድ ትከሻ ላክልኝ።"

የዶርዜን ቤት ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ ይሠራል፤ መሬት ላይ የተደፋ ነው እንጂ መሠረት የለውም። ምስጥ ከታች መብላት ሲጀምር የተበላው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ምስጡ ቦታውን ጨርሶ የወረሰው እንደሆነ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከዶርዜ ወርዶ ሲቀላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ሲሸምን ኖሯል፤ አሁን ያ እግሩ እንቢ ብሎታል።

"አንተ ሂድ" አለኝ።

"ሄጄ ምን ላደርግ?"

"ልትሸከም ነዋ።"

"ቤት?"

"ቤት።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩት ቤት መሥራት ነው፤ ቤት መሸከም አይደለም።"

"ጎሽ" አለ፤ ዓይኑን ከድሩ ላይ ሳያነሳ። "የሠራኸውን አሳየኝና ትቀራለህ።"

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ተራራው በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መሀል ተቀምጬ ሄድኩ። ሜትር፣ ደብተርና ከትምህርት ቤት የቀረችኝን የእንጨት ክብደት ሰንጠረዥ መጽሐፍ ይዣለሁ። ለምን እንደያዝኳቸው ብትጠይቁኝ፣ ስሸከም የሚያየኝ ሰው ቢኖር ተራ ተሸካሚ እንዳልሆንኩ እንዲያውቅልኝ ነው። መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ብርዱ ጨመረ፤ ሐይቁ ከኋላችን እየራቀ ሄዶ ጉም ዋጠው።

ስደርስ አርባ የሚሆኑ ወንዶች ቤቱን ከበዋል። ሥራው የተጀመረው ትናንት ነበር። ዙሪያው ተቆፍሯል። ምስጥ የበላው የታችኛው ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ ወጥቷል። የአክስቴ ዕቃ ጎረቤት ገብቷል፤ የውስጡ ክፍልፍል ተነቅሏል። ረጃጅም መሸከሚያ እንጨቶች በውስጥና በውጭ ከግድግዳው ጋር በገመድ ታስረዋል። ግማሹ ሰው ውስጥ ገብቶ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ነው የሚያነሳው። አዲሱ ቦታ ከዳገቱ በላይ፣ ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ ተደልድሏል።

አክስቴ ወርቄ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን ሴት ናት። አንገቴን አንቃ ሳመችኝና ወደ ሰዎቹ ዞረች።

"ወንድሜ ኢንጂነር ላከልኝ!" አለች።

"አክስቴ፣ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ነው..." ብል ማን ይስማኝ። አርባ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። (ንግግሩ ሁሉ በጋሞኛ ነበር፤ ለእናንተ በአማርኛ ገልብጬዋለሁ።)

ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ጎዳና የሚባሉ ቡሉኳቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ነበሩ። "ና ልጄ፣ እዚህ ያዝ" ብለው አንድ እንጨት አሳዩኝ። እኔ ግን ዝም ብሎ መያዝ አልሆነልኝም። ሜትሬን አወጣሁ። ቤቱን ዞሬ ለካሁ፣ ቁመቱን በዓይኔ ገመትኩ፣ የግድግዳውን ውፍረት መዘገብኩ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሰላሁ። አርባ ሰው ትከሻውን ለእንጨት አመቻችቶ ጠበቀኝ። ጨርሼ ቀና አልኩና ከሁለት ዓመት ወዲህ በጣም የለመድኩትን ቃል ተናገርኩ።

"አይነሳም።"

"ምን አልክ ልጄ?" አሉ ጋሽ ጎዳና።

"አይነሳም፣ ጋሽ ጎዳና። ስድስት ቶን ነው። ለአንድ ሰው መቶ ሃምሳ ኪሎ ይደርሰዋል። በግድ ቢነሳ እንኳ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ውስጥ ባሉት ላይ ይወድቃል።"

እንደሚስቁብኝ ጠብቄ ነበር፤ ለዚያም መልስ አዘጋጅቻለሁ። አልሳቁም። ጋሽ ጎዳና እጃቸውን ብቻ አነሱ። አርባው ሰው እንጨቱን ለቆ፣ ከውስጥ ያለውም ወጥቶ፣ ሳሩ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ሊመካከሩ ነው።

አመካከራቸው እንዲህ ነው፦ አንዱ ይነሳና አስቀድሞ ይመርቃል፤ ለአገሩ ሰላም፣ ለመሬቱ ዝናብ ይለምናል። ከዚያ ሐሳቡን ተናግሮ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሳል። ማንም የማንንም አፍ አይነጥቅም። አንዱ ተነስቶ ቤቱ ከዛሬ በፊትም አንድ ጊዜ እንደተነሳ አስታወሰ። ሌላው "እሱ ልክ ነው፤ ግን ልጁ አይነሳም ብሏል" አለ። ሦስተኛውም ተነስቶ ልጁ አይነሳም ማለቱን ደገመው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛ እንኳ ያልሰማኝ ሰውዬ፣ አርባ ሰው ከነሽማግሌው ቃሌን ተቀብሎ ሲመክርበት አየሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ጎዳና ተነሱ።

"እንግዲህ አይነሳም የሚል ሰው መሀላችን ካለ አናነሳውም። ታቹ ተቆርጧል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይመጣል፤ እንዲሁ ብንተወው ይገለብጠዋል። ይፍረስ። አዲስ ለመሥራት የደረሰ ቀርከሃ ወርቄ የላትም። ወንድሟ ጋ ሲቀላ ትውረድ።"

አክስቴን አየኋት። ዳር ላይ ቆማለች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር።

"ሲቀላ ይሞቃል" አለች ቀስ ብላ።

የነፋው ደረቴ ያኔ ተነፈሰ። የኛን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ክፍል ነው። አክስቴ ከእህቶቼ ጋር መሬት ላይ ስትተኛ፣ ቀን ቀን በር ላይ ተቀምጣ የማታውቀውን ሰው ስትቆጥር ታየኝ። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኔ ስላሰላሁ ነው። ቢሆንም ሒሳብ ሒሳብ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰዎቹ ገመድ መፍታት ጀመሩ። አክስቴ የተረፉትን ቀርከሃዎች ልትሰበስብ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ተከተልኳት። ጭኔን የሚያህሉ ሁለት ረጃጅም ግንዶች ከብብቷ ስር ሸጉጣ ሦስተኛውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

"ተይ አክስቴ፣ ይከብድሻል!"

"ይሄ?" አለችና አንዱን ወረወረችልኝ።

እግሬን አንፈራጥጬ፣ ትንፋሼን ይዤ ተቀበልኩት። ሊጥለኝ ነው ብዬ የሰበሰብኩት ጉልበት ሁሉ ትርፍ ሆኖ ወደ ኋላ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ግንዱ ቀላል ነበር። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ባዶ ነው። እዚያው ተቀምጬ ሰንጠረዤን ገለጥኩ። ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ። ቀርከሃ የሚባል የለም። መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰው አገር ቀርከሃ አይበቅል ይሆናል። እኔ ግን የሸማኔ ልጅ፣ የድሩ መዘርጊያና መጠቅለያው ሁሉ ቀርከሃ በሆነበት ቤት ያደግኩት፣ የአክስቴን ቤት ባሕር ዛፍ ነው ብዬ፣ ያውም ድፍን አድርጌ አስልቼዋለሁ።

ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። በየጊዜው አይነሳም የሚለው መልሴ ትክክል ሆኖ እንዲወጣልኝ እየተመኘሁ ነበር፤ ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ሦስቴም ቤቱ እንደሚነሳ ወጣ። ከዚያ ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ፤ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አክስቴ ሲቀላ ትወርዳለች፣ እኔም የተማረ ሰው እንደሆንኩ እቀራለሁ። ወደ ፊት ለፊት ስመጣ ሁለት እንጨት ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ሰው ግድግዳውን ሊተረትር ማጭድ አንስቷል።

"ቆይ!" አልኩ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰበረ። "ተሳስቻለሁ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

"ጋሽ ጎዳና፣ ተሳስቻለሁ። የሌላ እንጨት ክብደት ነው የወሰድኩት። ለአንድ ሰው አርባ ኪሎም አይደርሰው። ይነሳል።"

"እናውቃለን እኮ" አሉ ጋሽ ጎዳና።

"ታውቃላችሁ?"

"ባሏ በሕይወት እያለ ያነሳነው ቤት ነው። በዚህ ትከሻዬ።"

"ታዲያ ለምን አቆማችሁ? ለምን ይፍረስ አሉ?"

እንደ ሕፃን እያዘኑልኝ አዩኝ። "አንተ አይነሳም ስላልክ ነዋ! እንጨት ሊይዝ የመጣ ሰው አይነሳም ካለ፣ ሕፃንም ቢሆን ሞኝም ቢሆን፣ እናቆማለን። አይነሳም ያለ ሰው ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። አንዱ ከለቀቀ የሁሉም ወገብ ይቀነጠሳል።"

ለካ አርባ ሰው የተቀመጠው ዕውቀቴን አክብሮ አልነበረም። የፈሩት ትከሻዬን ነው። ከዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ ዋጋ ያገኘችው ያላሰላኋት ትከሻ ሆነች።

"እንግዲህ ያቆምከው አንተ ነህ፤ ውስጥ ግባና ከመሀል ያዝ" አሉኝ። የተፈቱት እንጨቶች ተመልሰው ታሰሩ።

ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የብዙ ዓመት የምድጃ ጭስ ይሸታል። የሚታየኝ ከፊቴ ያለው ሰው ጀርባና የራሴ ጫማ ብቻ ነው። ሰውየው ዳንሳ የሚባል ሸማኔ ነው። ከውጭ የጋሽ ጎዳና ድምፅ መጣ። "ዮ!" አሉ። አርባው ሰው "ዮ!" ብሎ መለሰ፤ እኔም ሳላስበው ጮህኩ። እንጨቱ ትከሻዬን ተጫነኝ። ጫማዬ ዙሪያ ብርሃን ገባ። የአክስቴ ቤት ከመሬት ለቀቀ።

ሄድን። ወዴት እንደምሄድ አላይም። "ግራ!" ሲሉ ግራ፣ "ቀስ!" ሲሉ ቀስ። አክስቴ ከኋላ እየተከተለች "ጣሪያዬን! እንሰቱ ጋ ጣሪያዬን!" እያለች ትጮሃለች። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን የውሃ መውረጃ ቦይ አጋጠመን። ፊት ያሉት እግራቸውን ወደ ቦዩ ሲሰዱ ቤቱ አዘመመ። ክብደቱ ሁሉ ዞሮ እኛ ላይ መጣ። ከላይ ቀርከሃው መንጫጫት ጀመረ። አፌ ውስጥ "ልቀቁ!" የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ልተነፍሰው ምንም አልቀረኝም።

"ኢያሱ" አለ ዳንሳ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፤ "አሁን ስንት ኪሎ ደረሰ?"

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የሚስቅ ሰው ሸክም ይጥላል ብዬ ነበር የማምነው። ማንም አልጣለም። እየሳቅን ቦዩን ተሻገርን። እኔ ጨለማው ውስጥ ሳቄ ወደ ለቅሶ ሲዞርብኝ ተሰማኝ፤ ደግነቱ ማንም አላየኝም።

አስቀመጥነው። "ዮ! ዮ! ዮ!" ተባለ። ስወጣ ሸሚዜ ትከሻው ላይ ተቀድዷል፤ ቆዳዬም አብሮ ተልጧል። ሰው ሁሉ ሳሩ ላይ ተዘረረ። አክስቴ ብቻ ቤቷን አንድ ጊዜ ዞረችውና በሩ ፊት ቆማ ቀረች።

"በሩ" አለች።

"በሩ ምን ሆነ?"

"በሬ ወደ መንገድ ነበር የሚያየው። አሁን የሰው እንሰት ያያል። ማን አለፈ፣ ማን መጣ፣ በምን ላውቅ ነው? እንሰት እያየሁ ልሙት?"

እውነቷን ነው። ቦዩን ስንሻገር ቤቱ ዞሯል። የውጪዎቹም ዓይናቸው ቦዩ ላይ ስለነበር ማንም አላስተዋለም። እኔ ወዲያው የማይሆንበትን ምክንያት መደርደር ጀመርኩ፤ ሰው ደክሟል፣ ጉሙ እየወረደ ነው፣ ለአንዲት በር ሲባል እንዴት ይሆናል። አንድ ሰው "ተይው ወርቄ፣ ትለምጂዋለሽ" እንዲላት ጠበቅኩ። ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያማርር ጠበቅኩ።

ጋሽ ጎዳና ቤቱን አዩ፣ መንገዱን አዩ። "ልክ ናት" አሉ።

አርባ ሰው እርስ በርሱ እየተሳደበና እየሳቀ ከሳሩ ላይ ተነሳ። ይነሳል አይነሳም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ማንም ሳይጠራኝ፣ የተላጠውን ትከሻዬን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ተስፋህ የተመለሰልህ የቱ ላይ ነው ብትለኝ፣ እዚህች ጋ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ሲነሳ አልነበረም፤ ያኔ በጣም ፈርቼ ነበር። የተመለሰልኝ አላግባብ ያስቀመጡትን ነገር እንደገና ሊያነሱ ሲነሱ ነው። እኔ ለሁለት ዓመት አንድ ነገር ካልተሳካ አበቃለት ማለት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ያንን ኑሮ ደግሞ ብስለት እለው ነበር። ራሴንም ቢሆን ስመዝን የኖርኩት ያችን ሰንጠረዥ በመሰለ የሰው መለኪያ ነው፤ እኔ የሌለሁበትን መጽሐፍ ገልጬ ክብደቴን እፈልግ ነበር።

ሰኞ ሲቀላ ስመለስ ሥራ እየጠበቀኝ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ነገር ስብከት ላይ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ጓደኞቼን ማማከር አቆምኩ። ምክሬ በተቋረጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመካከላቸው ሦስቱ ሥራ ያዙ። እኔም ለዘመድ ተይዟል ወዳልኳቸው ቦታዎች ማመልከቻ ማስገባት ጀመርኩ። አንዳንዶቹ በእርግጥም ለዘመድ ተይዘው ነበር። ከስምንት ወር በኋላ የገጠር ምንጮችን የሚያጎለብት ድርጅት ቀያሽ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ለካ ያን ማስታወቂያ ያወጡት የምር ሰው ፈልገው ነው።

ዛሬም የተዘጋ በር ፊት የቆማችሁ ታነቡኝ ይሆናል። አይዟችሁ ልላችሁ አልደፍርም፤ አይዞህ ሲባል ምን ያህል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር የተነጋገርነውን ብቻ ልንገራችሁ።

በሩ ወደ መንገዱ ዞሯል። ሰዎቹ አክስቴ ያዘጋጀችውን ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ ይበላሉ፤ እሷ በየመካከላቸው እየዞረች "ብላ! አንተ አልበላህም!" እያለች ትቆጣለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አዲሱን ቦታ ሳይ ዓይኔ መሬቱ ላይ አረፈ። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቆ ቀይ የምስጥ አፈር ብቅ ብሏል። ልማዴ አልለቀቀኝም።

"አክስቴ" አልኳት ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ፤ "እዚህም እኮ ምስጥ አለ። ይመጣል።"

"ይመጣል እንጂ!" አለች፤ እንዲህ ያለ ጅል ነገር ከየት መጣ በሚል ዓይን አይታኝ። "ሰዉን የማበላው ለምን መሰለህ?"

ከዚያም ትልቁን ቆጮ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።